ለሌላ ሰው የሚያድግ ቡችላ

ቡችላው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ተለይቶ አንድ ተራ ቤት ይገባል። የሚቀበሉት ሰዎች የውሻ አሠልጣኞች አይደሉም። አስተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ጡረተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወይም ልጆች የሚያሳድጉ ባልና ሚስት። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ውሻውም የእነሱ አይሆንም። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ አብልተውት፣ ሥርዓት አስተምረውት፣ በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ዞረው፣ የቤቱ አባል ሆኖ ሲያበቃ ለላከው ትምህርት ቤት ይመልሱታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለወራት አሠልጥኖ ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው ይሰጠዋል። መሪ ውሻ የሚባለው ይህ ነው። አሳዳጊዎቹ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ ቡችላውን የተረከቡትም በዚሁ ውል ነው።

ውሻን በአጥር ጠባቂነቱ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ከሁለት ወገን ይገርማል። አንደኛው፣ ውሻ የሰውን ሕይወት የሚያህል አደራ መቀበሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፣ ትምህርት ቤቶቹ ቦታውም ባለሙያውም እያላቸው ቡችሎቹን ራሳቸው አለማሳደጋቸው ነው። ለምን ሙያው ለሌለው ቤተሰብ ይሰጣሉ? ወጪ ለመቆጠብ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ወጪ እንደሚቀንስ እርግጥ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በሰው ቤት ያላደገ ቡችላ መሪ ለመሆን እጅግ ይቸገራል።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መሪ ውሻ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል። ብዙ ሰው ውሻው ዓይነ ስውሩን ወደሚሄድበት አድራሻ የሚወስደው ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። «ፖስታ ቤት ውሰደኝ» ቢሉት ውሻው ምንም አያውቅም። መንገዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው። ስንት መስቀለኛ መንገድ እንደሚያልፍ፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ በአእምሮው ይዞ «ወደፊት»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ» እያለ ያዛል። የውሻው ድርሻ በመሀል ያለውን እንቅፋት ማሳለፍ ነው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ደረጃ ሲመጣ ይቆማል፤ ጉድጓድ፣ የቆመ መኪና፣ የግንባታ ብረት ሲያጋጥመው ዞሮ ያልፋል። በዚህ ላይ የራሱን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ሰው ቁመትና ስፋት ማስላት አለበት። ለእሱ በቀላሉ የሚያሳልፈው ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ የሰውየውን ግንባር ሊመታ ይችላልና።

የትራፊክ መብራትም አያነብም። ውሻ ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ አይለይም። የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ፣ የቱ መስመር እንደቆመና የቱ እንደተንቀሳቀሰ ገምቶ «ወደፊት» የሚለው ሰውየው ነው። ነገር ግን ሰውየው ተሳስቶ ቢያዝና መኪና እየመጣ ቢሆን ውሻው አልንቀሳቀስም ብሎ ይቆማል። አሠልጣኞች ይህን ብልህ እምቢታ ይሉታል፤ ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። መታዘዝን የተማረ እንስሳ መቼ አለመታዘዝ እንዳለበት ራሱ መፍረድ አለበት። እንዲህ ያለ ፍርድ ከደነገጠ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም እርግብ ባየ ቁጥር ልቡ ከሚሄድ ውሻ አይጠበቅም። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት መኖር ያለበት ነገር እርጋታ ነው። አሳዳጊዎቹ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን ከመጀመሪያው አላወቁትም። በተደራጀ መልክ የመጀመሪያው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት የተከፈተው በጀርመኗ ኦልደንቡርግ በ1916 ነበር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከጥይቱ ሌላ የመርዝ ጋዙ ጭምር፣ ብዙ ወታደሮችን ዓይነ ስውር አድርጎ ነበር፤ ሐኪሙ ጌርሃርድ ሽታሊንግ ለእነዚህ ሰዎች ውሾችን በብዛት ማሠልጠን ጀመሩ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ የተባለውን የውሻ ዝርያ ያራቡ የነበሩት አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ዩስቲስ የጀርመኖቹን ሥራ በዓይናቸው አይተው በ1927 ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት በተባለው መጽሔት ላይ ጻፉ። ጽሑፉን በቴነሲዋ ናሽቪል ከተማ አንድ አባት ለዓይነ ስውር ልጃቸው አነበቡለት። ልጁ ሞሪስ ፍራንክ ይባላል። ለዩስቲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ሠለጠነ፤ በ1928 በዲ ከተባለች ውሻው ጋር ተመልሶ በኒው ዮርክ እጅግ ከሚያስፈራ አውራ ጎዳና አንዱን በጋዜጠኞች ፊት ተሻገረ። ለዩስቲስ የላከው ቴሌግራም አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ተሳካ የሚል። በጥር 1929 ዩስቲስና ፍራንክ «ዘ ሲንግ አይ» የተባለውን፣ እስከ ዛሬ በኒው ጀርሲ የሚሠራውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በብሪታንያም ሙሪኤል ክሩክና ሮዛመንድ ቦንድ የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1931 የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ከውሾቻቸው ጋር አስመረቁ።

በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቶቹ የሚሹት ያደጉ ውሾችን ነበር። ከሰው ይገዛሉ ወይም በስጦታ ይቀበላሉ፤ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ይሆናሉ። ቡችሎችን ከቤተሰብ ጋር ማሳደግ የመጣው ቆይቶ ነው። ዘ ሲንግ አይ በ1942 ፎር ኤች ከተባለው የገጠር ወጣቶች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ቡችሎቹን ለኒው ጀርሲ ልጆች ማደል ጀመረ። የብሪታንያው የመሪ ውሾች ማኅበር ተመሳሳይ ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። ቤት ያሳደገው ውሻ የተሻለ መሆኑን ሰው ይገምት ነበር፤ ምን ያህል የተሻለ እንደሆነ፣ መቼስ ቤት መግባት እንዳለበት ግን የሚያሳይ ቁጥር አልነበረም።

ቁጥሩ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። ሳን ራፋኤል ከተማ የሚገኘው «ጋይድ ዶግስ ፎር ዘ ብላይንድ» በ1942 ከጦርነት ዓይነ ስውር ሆነው ለሚመለሱ ወታደሮች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ሥልጠና ከጀመሩት ውሾቹ ከመቶ አሥሩ እንኳ ለመሪነት አይበቁም ነበር። የሚባክነው ጊዜና ድካም ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በትምህርት ቤቱ በበጎ ፈቃድ ይሠሩ የነበሩት ክላረንስ ፋፈንበርገር መፍትሔ ፍለጋ አገሩን አቋርጠው ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ድረስ ሄዱ። እዚያ ጆን ፖል ስኮት የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቡችሎችን አስተዳደግ ለዓመታት ያጠኑ ነበር። የስኮት ቡድን የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላው ዓለምን የሚቀበልበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ሰውን በቅርብ ካወቀ ሰው ወዳጁ ሆኖ ይቀራል፤ ካላወቀ ደግሞ በኋላ ቢለፉበትም ፍርሃቱ አይለቀውም።

ፋፈንበርገር ይህን ይዘው ወደ ሳን ራፋኤል ተመለሱና የትምህርት ቤቱን መዝገብ አገላበጡ። በዚያን ጊዜ ቡችሎቹ እስከ አሥራ ሁለት ሳምንታቸው ድረስ በየሳምንቱ ከሰው ጋር እየተገናኙ ይፈተናሉ፤ ከዚያ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ግን ቤተሰብ ሁልጊዜ ወዲያው አይገኝም። አንዳንዱ ቡችላ በሳምንቱ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተረኛ ቤት እስኪገኝለት በትምህርት ቤቱ የውሾች ማደሪያ ውስጥ ይቆያል። ፋፈንበርገርና ስኮት በ1959 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከፈተናው በኋላ አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ቤት ከገቡት ቡችሎች ከመቶ ዘጠና ያህሉ መሪ ሆኑ። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆዩት ግን ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ብቻ። ፈተናውን ሁሉም አልፈው ነበር። በማደሪያው ምግብም ንጽሕናም አልጎደለባቸውም። የጎደላቸው ሰው ያለበት ቤት ነው፤ እሱም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። ዛሬ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አሥራ ሁለት ሳምንት እንኳ አይጠብቁም። ስምንት ሳምንት ሲሞላው፣ የሚቀበልበት ጊዜ ገና ሳይዘጋ፣ ቡችላውን ወደ ቤት ይልኩታል።

እንግዲህ ቤት ገባ። ምን ያስተምሩታል? የመጀመሪያው ትምህርት መጸዳዳት ነው፤ ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳዳጊውን ያደክማል። ውሻው በታሰረበት ገመድ እንደተያዘ፣ በተመደበ ቦታ፣ ሲታዘዝ እንዲጸዳዳ ይለማመዳል። ምክንያቱን ከዓይነ ስውሩ በኩል ማየት ነው። አንድ ዓይነ ስውር ጠበቃ ለግማሽ ቀን ችሎት ይቀመጣል፤ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ ረጅም በረራ ትሄዳለች። ውሻው መቼ እንደሚፈልግ እየገመቱ መሮጥ አይችሉም፤ የት እንደተጸዳዳ ዞረው መፈለግም አይችሉም። ሲታዘዝ ከተጸዳዳ ግን ሰውየው የውሻውን ጀርባ በእጁ ዳሶ አቋሙን ያውቃል፤ በፕላስቲክ አንሥቶ ይጥላል። አሳዳጊው በክረምት ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ከቡችላው ጋር ውርጭ ላይ የሚቆመው የዚያ ሰው ክብር እንዳይነካ ነው።

ቀጥሎ ምግብ አለ። ላብራዶርም ጎልደን ሪትሪቨርም፣ ዛሬ በብዛት ለዚህ ሥራ የሚራቡት እነዚህ ሁለት የውሻ ዝርያዎች ናቸው፣ ሆዳም ፍጥረቶች ናቸው። ለአንድ ተራ የቤት ውሻ ከገበታ ቁራሽ መወርወር ደግነት ነው። ለመሪ ግን አደጋ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ አጥንት ለማንሣት የተወረወረ ሠላሳ ኪሎ ውሻ እጀታውን የያዘውን ሰው ይዞት ይወድቃል፤ ምግብ ቤት ውስጥም ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ሽታውን እያሸተተ ዝም ማለት አለበት። ስለዚህ ምግቡ ተለክቶ፣ በሰዓቱ፣ በራሱ ሳህን ብቻ ይሰጠዋል። ይህ ሕግ የሚሠራው ቤተሰቡ ሁሉ ሲጠብቀው ነው። አያት በልዩ ፍቅር አንዲት ቁራጭ ሥጋ ከጠረጴዛ ሥር ቢሰጡት ቡችላው የሚማረው ነገር አለ፤ ጠረጴዛ ምግብ እንደሚያወርድ።

ከዚያ ዓለምን ማስተዋወቅ ይመጣል። አሳዳጊው ሆን ብሎ ቡችላውን ጥቂት በጥቂት ወደ እንግዳ ነገር ይወስደዋል፦ ሥሩ በሚታይ የብረት ፍርግርግ ላይ መርገጥ፣ በሚያንሸራትት እርጥብ ወለል ላይ መሄድ፣ ሊፍት፣ አውቶቡስ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ ድንገት የሚዘረጋ ጃንጥላ፣ ጺማም ሰው፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የሚሮጡ ልጆች። ሱቅና ቢሮ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ በሥልጠና ላይ ያለ ቡችላ መሆኑን የሚገልጽ ሰደርያ ይለብሳል። ንግግር ወይም ቅዳሴ በሚካሄድበት ቦታ እግር ሥር ተኝቶ ሁለት ሰዓት መቆየት ይለምዳል። ሌላ ውሻ ሲያይ አለመጎተት፣ ብቻውን ሲቀር አለማላዘን ይማራል። ኳስ መወርወርን የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የሚንከባለል ነገር ማሳደድ ልማድ ከሆነበት አንድ ቀን ኳሱ መኪና መንገድ ላይ ይንከባለላልና።

ቡችላው ሲፈራ አሳዳጊው የሚያደርገው ነገር ከሁሉ የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። ተሸክሞ ማሳለፍ ፍርሃቱን ያጸድቅለታል፤ ጎትቶ ማሳለፍ ያባብሰዋል። የሚሻለው ራቅ ብሎ መቆም፣ ቡችላው ራሱ አይቶ፣ አሽትቶ፣ አንድ እርምጃ ሲራመድ ማመስገን፣ እንደገና መጠበቅ ነው። በ2017 ኤሚሊ ብሬይ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዘ ሲንግ አይ ቡችሎች ላይ ያሳተሙት ጥናት ወደዚሁ ያመለክታል። እናቶቻቸው ከልክ በላይ የተንከባከቧቸው፣ ጋደም ብለው ያጠቧቸው ቡችሎች ለመሪነት የመብቃት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እናታቸው ተቀምጣ ወይም ቆማ ስለምታጠባ ለጡቱ መታገል የነበረባቸው ግን የተሻለ ውጤት አመጡ። ጥናቱ ስለ ውሻ እናቶች ነው እንጂ ስለ ሰው አሳዳጊዎች አይደለም። ሆኖም ጥሩ አሳዳጊዎች በልምድ የደረሱበትን ነገር ይደግፋል፦ ቡችላው ትንሽ ችግር ገጥሞት ራሱ ሲወጣው በሚቀጥለው ጊዜ አይርበደበድም።

አሳዳጊው የማያስተምረው ነገርም አለ፤ መምራትን። በውሻው ጀርባ ላይ የሚታሰረውን፣ ዓይነ ስውሩ የሚይዘው ጠንካራ እጀታ ያለውን ማሰሪያ አሳዳጊ አያለብሰውም። እሱ የትምህርት ቤቱ አሠልጣኞች ሥራ ነው። ውሻው ዓመት ከምናምን ሲሆነው ተመልሶ አራት ወር ለሚያህል ጊዜ ጠርዝ ላይ መቆምን፣ እንቅፋት ማለፍን፣ ብልህ እምቢታን ይማራል። ከዚያም ዓይነ ስውሩ ራሱ መጥቶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከውሻው ጋር አብሮ ይሠለጥናል። አሠልጣኙ ሁለቱን ሲያጣምር የሰውየውን የእርምጃ ፍጥነት፣ ቁመት፣ የሚኖርበትን ከተማ ግርግር፣ ጠባዩን ሁሉ ይመዝናል። ችኩል ሰው ዝግተኛ ውሻ ቢሰጡት ሁለቱም ይሰቃያሉ።

አሳዳጊዎች ብቻቸውን አይተዉም። ትምህርት ቤቱ በየአካባቢው ተቆጣጣሪ አለው፤ አሳዳጊዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ አብረው ይለማመዳሉ፤ ቡችላው ይገመገማል። የእንስሳት ሐኪም ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ይሸፈናል። የምግቡ ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድን ውሻ ከልደቱ ጀምሮ ከዓይነ ስውሩ እጅ እስኪገባ ለማድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ ዓይነ ስውሩ ግን ወይ ምንም አይከፍልም፣ ወይ ስሙ ብቻ ክፍያ የሆነ ገንዘብ ይከፍላል። ዘ ሲንግ አይ ለመጀመሪያ ውሻ 150 ዶላር ያስከፍላል፤ በውትድርና ያገለገሉትን ደግሞ 1 ዶላር። ቀሪው ከለጋሾች ይመጣል። የአሳዳጊዎቹ ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ አይታይም፤ ቢቆጠር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ እሱ ይመስለኛል።

ከአሳዳጊዎቹ መካከል እስረኞች መኖራቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1997 ግሎሪያ ጊልበርት ስቶጋ «ፓፒስ ቢሃይንድ ባርስ» የተባለውን ድርጅት መሥርተው የመሪ ውሻ ቡችሎችን በኒው ዮርክ ግዛት ቤድፎርድ ሂልስ የሴቶች እስር ቤት ለሚገኙ እስረኞች ሰጡ። እስረኛ ሰው አንድ ቡችላ የሚጠይቀውን ነገር በሙሉ አለው፦ ሰፊ ጊዜ፣ የማይዛነፍ ሰዓት፣ ፍቅሩን የሚለግሰው ፍጡር የተጠማ ልብ። ከእስር ቤት ውጭ ያለውን ግርግር ለማስለመድ ደግሞ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ቡችሎቹን እየተቀበሉ ወደ ከተማ ይወስዷቸዋል። ሌሎች የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ዛሬ በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ ማልቀስ አይቀርም። ለአሳዳጊዎች ከሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ የሚበዛው «እንዴት ያስችላችኋል?» የሚል ነው። እኔ እንደሚገባኝ የሚያስችላቸው መጀመሪያውኑ ለማን እንደሆነ ማወቃቸው ነው፤ ስሙን ባያውቁትም ከቤቱ ብቻውን ወጥቶ ሥራው የሚደርስ አንድ ሰው በልባቸው አለ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያው ትምህርት ቤት የምረቃ ሥነ ሥርዓት አለ፤ አሳዳጊው መድረክ ላይ ወጥቶ ገመዱን በገዛ እጁ ለተመራቂው ያስረክባል። ዘ ሲንግ አይ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። አሳዳጊዎቹ ውሻቸው ሥልጠናውን ሲጨርስ ተጠርተው በትምህርት ቤቱ ከተማ በሞሪስታውን ጎዳናዎች ከአሠልጣኙ ጋር ሲሠራ ከሩቅ ያዩታል እንጂ አይጠጉትም። ሲያዩት ይከብዳል፤ ግን የገባኝን ልናገር፤ ውሻው ልቡን ወደ አዲሱ ሰው ማዞር አለበት፤ የቀድሞ አሳዳጊውን ድምፅ መንገድ መሀል ቢሰማ ሥራውን ሊዘነጋ ይችላል።

ሁሉም ውሻ አይበቃም፤ ይህ ደግሞ የአሳዳጊው ጥፋት ተደርጎ መታየት የለበትም። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር፣ የዓይን በሽታ፣ የቆዳ አለርጂ፣ ነጎድጓድ የማይችል ልብ፣ ወይም ሰው ሁሉ ላይ የሚዘል ከልክ ያለፈ ወዳጅነት ከሥራው ያስወጣል። እንዲህ ሲሆን ውሻውን ለመውሰድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ያሳደገው ቤተሰብ ነው። አንዳንዶቹ ውሾች ፈንጂ ወይም ዕፅ ወደ ማነፍነፍ ሥራ ይገባሉ፤ ሌሎቹ ለአካል ጉዳተኞች ሌላ አገልግሎት ይሰጣሉ። እጅግ ጤናማና የተረጋጉት ደግሞ መሪ ሳይሆኑ ቀርተው ለመራቢያ ይመረጣሉ፤ ጠባያቸው በልጆቻቸው እንዲቀጥል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ከእነዚህ ውሾች ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ በተለይ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ከሆነ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩት ይህን ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሪ ውሻ ከባለቤቱ ጋር በታክሲ፣ በሱቅ፣ በምግብ ቤት እንዲገባ ያዛል። ውሻ መፍራት ወይም አለርጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅም አይቻልም። የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ኡበርን ከስሶ በ2016 በስምምነት ሲጨርስ፣ ውሻውን አይቶ ሆን ብሎ ተሳፋሪ የከለከለ ሾፌር ከኩባንያው እንዲሰናበት ተወስኗል። በብሪታንያም የ2010 የእኩልነት ሕግ ታክሲ ነጂው እንዲጭን ያስገድዳል፤ ነጻ የሚሆነው በሕክምና ምክንያት ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ግን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አልተካተተም፤ ለእሱ የሚሠራው የየግዛቱ ሕግ ነው። ውሻው ሲገባ እግር ሥር ተጣጥፎ ይተኛል፤ ወንበር ላይ አይወጣም፤ ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የተለማመደው።

መንገድ ላይ ሲያጋጥም ማድረግ የሚገባው ጥቂት ነው። ማሰሪያውን የለበሰ ውሻ ሥራ ላይ ነው፤ አይዳበስም፣ አይጠራም፣ ምግብም አይሰጠውም። መርዳት የሚፈልግ ሰው ውሻውን ሳይሆን ሰውየውን ያናግር፤ እጀታውንም የሰውየውንም ክንድ ሳይጠይቅ አይያዝ።

እስራኤል ውስጥ ላሉ አንባቢዎች ጉዳዩ የቅርብ ታሪክ አለው። ከ1990ዎቹ በፊት ባሉት ዓመታት መሪ ውሻ የፈለገ እስራኤላዊ አሜሪካ ድረስ መሄድ፣ እንግሊዝኛም መቻል ነበረበት። በ1991 ኖዓህ ብራውን የመሠረቱት፣ በቤት ዖቬድ የሚገኘው የመሪ ውሾች ማዕከል ይህን ለወጠ፤ ውሾቹ በዕብራይስጥ ይታዘዛሉ፤ የአገሩን የተጨናነቀ የእግረኛ መንገድ እያዩ ያድጋሉ። ከቡችላ አሳዳጊዎቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

ውሻው ስምንት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ጡረታ ይወጣል። ዓይነ ስውሩ ሊያስቀረው ይችላል፤ ካልቻለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት ያሳደገው ቤተሰብ ይጠየቃል። ያ ቤተሰብ እስከዚያው አራትና አምስት ቡችላ አሳድጎ መልሶ ሊሆን ይችላል። ለመጀመር ትልቅ ቤት ወይም ሰፊ ግቢ አያስፈልግም፤ በአፓርታማ የሚኖሩ፣ ቀን ሥራ የሚውሉና አሠሪያቸው ቡችላውን ወደ ቢሮ እንዲያመጡ የፈቀደላቸው አሳዳጊዎች አሉ። የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ብቻውን አለመተው፣ ከስብሰባው አለመቅረትና የትምህርት ቤቱን ሕግ መጠበቅ ነው። አመልካቹ ቅጽ ይሞላል፤ የአካባቢው ተቆጣጣሪ ቤቱን መጥቶ ያያል። ዓመቱን ሙሉ መያዝ የማይችል ሰው ደግሞ አሳዳጊው ሲታመም ወይም ሲጓዝ ቡችላውን ለጥቂት ቀናት የሚቀበል ተተኪ ሆኖ መመዝገብ ይችላል።